ባትሪው በ4 ቀን ያልቃል፤ የምልከው ግን በ15 ደቂቃ አንዴ ነው

ናቲ_መቂ · ኅዳር 9፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ረዘም ካለ ይቅርታ።

አጎቴ መቂ ላይ ቲማቲም ያለማል። ውሃ የሚያጠጣው በግምት ነው። ሞተሩን ያስነሳል፣ ቦዩ ይሞላል፣ በቃ ሲለው ያጠፋል። ናፍጣ ሲወደድ ግን ግምት ያስከፍላል። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን እዚሁ ላድርገው ብዬ 12 ኖድ (ራዲዮ ያላቸው ትንንሽ መለኪያ ሰሌዳዎች) ሠራሁ። እያንዳንዱ የአፈሩን እርጥበት ይለካና በ15 ደቂቃ አንዴ ይልካል። መረጃው ከኖድ ወደ ኖድ እየተቀባበለ ጥበቃው ቤት ያለችው ራስቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ጋ ይደርሳል።

ሰሌዳው ሲሲ2538 ቺፕ ያለበት ነው። ካፓሲቲቭ የአፈር ሴንሰር አለው፣ በሁለት የደብል ኤ ድንጋይ ይሠራል። ሳጥኑ የምሳ ዕቃ ነው፤ ክዳኑን በሲሊኮን ደፍኜዋለሁ። ሶፍትዌሩ ኮንቲኪ-ኤንጂ ነው፤ ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ ሰሌዳዎች የተሠራ ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም።

ችግሬ ባትሪው ነው። በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ያልቃል። ሁሉም ኖድ ላይ። ያነበብኳቸው መማሪያዎች ሁሉ «ኮንቲኪ ከ99% በላይ ጊዜ ራዲዮውን ዘግቶ ይቆያል» ይላሉ። በዚያ ሂሳብ ወራት መቆየት ነበረበት። ድንጋዩ ፎርጅድ ነው ብዬ ሦስት ዓይነት ቀያየርኩ። ያው ነው።

አማካሪዬ ድሮ የሠሩበት የታይኒ ኦኤስ (ሌላ የዚህ ዓይነት ሲስተም) ኮድ አላቸው። «ወደዚያ ብትመለስ ይሻልሃል» ብለውኛል። ልመለስ ወይስ ልቆይ?


ዮናስ_ቢ · ኅዳር 9፣ ማታ 3፡15

ወንድሜ፣ ታይኒ ኦኤስ ላይ አዲስ ሥራ አትጀምር። የመጨረሻው ዋና እትም 2.1.2 ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2012። ኔስሲ የሚባለውን ቋንቋ ተምረህ እስክትጨርስ ቲማቲሙ ይለቀማል።

ሪዮት የሚባለውን ሲስተም ሞክር። በ2013 ከበርሊን፣ ከሃምቡርግና ከፈረንሳዩ ኢንሪያ የተነሳ ነው። እውነተኛ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) አለው፣ ተራ ሲ ነው የምትጽፈው። ስለ ባትሪው ግን ቃል አልገባልህም። እዚያም ምንም ካልነካህ ራዲዮው ክፍት ሆኖ ነው የሚውለው።


ሚኪ_ቦሌ · ኅዳር 9፣ ማታ 3፡50

ለምን ሎራ የሚባለውን የሩቅ ራዲዮ አትጠቀምም? ኪሎሜትሮች ይሄዳል፣ ኖዶቹ መቀባበል አያስፈልጋቸውም። መረጃውን የሚቀበለውን ቺርፕስታክን አንድ ትንሽ ሰርቨር ላይ ትጭናለህ፣ እሱም ክፍት ሶፍትዌር ነው። እኔ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አይቼ አላውቅም።


ሶስና_ስቶክሆልም · ኅዳር 9፣ ሌሊት 5፡30

ናቲ፣ ድንጋዮቹን ተዋቸው። እነሱ ምንም አላጠፉም።

ያነበብከው መማሪያ የቆየ ነው፤ በዘመኑ ግን ልክ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ኮንቲኪን አዳም ደንከልስ በ2003 ያወጣው እዚሁ ሺስታ፣ የስዊድን የኮምፒውተር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሲሠራ ነው። በ2011 ኮንቲኪማክ የሚባል ስልት ተጨመረ። ራዲዮው ተኝቶ በሰከንድ 8 ጊዜ ብልጭ እያለ ይነቃል። አየሩን ያዳምጣል። የሚናገር ከሌለ ተመልሶ ይተኛል። «ከ99% በላይ ይዘጋል» የተባለለት እሱ ነው።

በ2017 ኮንቲኪ-ኤንጂ ከአሮጌው ኮንቲኪ ተገንጥሎ ወጣ። ሲወጣ ብዙ አሮጌ ነገር ተራገፈ፤ ኮንቲኪማክም አብሮ ቀረ። አሁን ምንም ሳትነካ ኮምፓይል ስታደርግ የምታገኘው ሲኤስኤምኤ የሚባለው የራዲዮ ስልት ነው። ሲኤስኤምኤ ራዲዮውን አይዘጋም። ቀን ከሌት ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

ሂሳቡን እንየው። ሲሲ2538 ሲያዳምጥ ወደ 20 ሚሊአምፒር ይበላል። ሲልክ 24። ያን ያህል አይራራቁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ባትሪ የሚጨርሰው መላክ ይመስለዋል። ያንተ ኖድ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚናገረው ለጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። የቀረውን ጊዜ በሙሉ ሲያዳምጥ ይውላል። ጥሩ የደብል ኤ ድንጋይ 2500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ይይዛል። ለ20 አካፍለው፤ 125 ሰዓት። 5 ቀን ከ5 ሰዓት።

መውጫው ቲኤስሲኤች የሚባለው ስልት ነው። በ2012 ወደ 802.15.4 የራዲዮ ስታንዳርድ የገባ ነው። ኖዶቹ ሁሉ አንድ ሰዓት ይጋራሉ። ጊዜው 10 ሚሊሰከንድ በ10 ሚሊሰከንድ ይቆራረጣል። እያንዳንዷ ቁራጭ ስሎት ትባላለች። መቼ እንደሚናገሩና መቼ እንደሚያዳምጡ ቀጠሮ አላቸው። ቀጠሮ ከሌለ ሁሉም ይተኛል። ቻናሉም ከስሎት ስሎት ይቀያየራል፤ አንዱ ቻናል ላይ ዋይፋይ ቢረብሽ በሚቀጥለው ያመልጣል።

ቀጠሮውን ማን ያወጣል? እዚህ ላይ ነው ኦርኬስትራ የሚያስፈልግህ። እሱም ከዚሁ ኢንስቲትዩት በ2015 የወጣ ነው። እያንዳንዱ ኖድ አርፒኤል (መልእክት በማን በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ፕሮቶኮል) ከሚነግረው የወላጅና የልጅ ዝምድና ተነስቶ ቀጠሮውን ራሱ ያሰላል። ለመስማማት አንድም ተጨማሪ መልእክት አይላላኩም። እኔ ይሄን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ሳይነካ ሲተው ሦስት ዙሮች አሉት። አንዱ በየ17 ስሎቱ፣ ሌላው በየ31፣ ሦስተኛው በየ397 ይመለሳል። ስሎቱ ደርሶ የሚናገር ከሌለ ኖዱ 2.2 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ይዘጋል። እንግዲህ 2.2ን ለ170፣ ለ310 እና ለ3970 እያካፈልክ ደምራቸው። 2% ገደማ ይመጣል። የ20 ሚሊአምፒር 2% ማለት 0.4 ነው። ያው ድንጋይ 260 ቀን ሊይዝህ ይችላል ማለት ነው። ይሄ ራዲዮው ብቻ ነው፤ ሌላውን እናያለን።

ሜክፋይልህ (የኮምፓይል መመሪያ ፋይልህ) ውስጥ ማኩን (የራዲዮውን ስልት) ቲኤስሲኤች በለው፣ የኦርኬስትራን ሞጁል ጨምር። ሲምፕል-ኢነርጀስትንም ጨምረው። ራዲዮው ስንት ጊዜ ክፍት እንደነበር በየደቂቃው ይነግርሃል። እኔን ግን አትመነኝ። የሲኤስኤምኤን ፋይል ከፍተህ ራስህ አንብበው።

ሚኪ፣ ሎራ ለራቀ ቦታ ግሩም ነው። የናቲ ማሳ ግን ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ ሰሌዳዎቹም በእጁ ናቸው።


ታደሰ_ወ · ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡20

ሶስና ሂሳቡን በደንብ ሠርታዋለች። እኔን ግን አንድ ቀን ጎድሎብኛል።

እሷ 5 ቀን ከ5 ሰዓት አለች። አንተ ያልከው 4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። ወደ 100 ሰዓት እንበለው። 2500ን ለ100 ስታካፍል 25 ይመጣል። ራዲዮው 20 ከበላ 5 ሚሊአምፒር የሚበላ ሌላ ነገር አለ። ልጄ፣ የአፈሩ ሴንሰር ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው? በቀጥታ ከባትሪው ከሆነ ሳትለካም እየበላ ነው።

ስለ ታይኒ ኦኤስ አማካሪህ ያሉትን አቅልዬ አላየውም። እኔ በ2007 እ.ኤ.አ. ጀርመን ማስተርሴን ስሠራ በእጄ የነበረው ቴሎስቢ የሚባል ሰሌዳ ነበር። 10 ኪሎባይት ራም፣ 48 ኪሎባይት ፍላሽ። ሁሉ ነገር እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ሰዎች የታይኒ ኦኤስን ኮድ ለማንም ክፍት ስላደረጉት ነው እኔ አንድ ተማሪ የራዲዮውን ድራይቨር መስመር በመስመር ያነበብኩት። ዛሬ የማስተምረው ግማሹ ከዚያ የተማርኩት ነው። አሁን ሥራ አትጀምርበት፤ ግን አንብበው።

በ2002 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ሜይን ጠረፍ አጠገብ ግሬት ዳክ በምትባል ደሴት 32 ኖዶች ዘርግተው ነበር። አፈር ውስጥ ጎጆ የምትሠራ የባሕር ወፍ አለች፤ ሰው ሲጠጋት ጎጆዋን ትታ ትሄዳለች። ኖዶቹን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ሰው ሳይጠጋ ሙቀትና እርጥበቱን ይከታተሉ ነበር። ያን ጊዜም የሥራው ግማሽ ከባትሪ ጋር መታገል ነበር።

ሌላም ልንገርህ፣ ያንተው ዓይነት እርሻ ስለሆነ። በ2005 ሆላንድ ውስጥ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የድንች ማሳ ላይ 100 ገደማ ኖድ ተከሉ። ድንቹን የሚያጠፋውን ሻጋታ ከእርጥበቱ ቀድመው ለማወቅ ነበር። መጨረሻ ላይ እጃቸው የገባው መረጃ ከሚጠበቀው 2% ብቻ ነው። አዲስ ኮድ በአየር ለኖዶቹ የሚያዳርሰው ፕሮቶኮል እረፍት አጥቶ ባትሪዎቹን ጨረሳቸው። በስንት ቀን? በ4 ቀን! ታሪኩን ምንም ሳይደብቁ ጽፈው አወጡት። እኔ ከተሳካላቸው ይልቅ ከእነዚህ የበለጠ ተምሬያለሁ።


ናቲ_መቂ · ኅዳር 12፣ ማታ 1፡05

ጋሼ ታደሰ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማሳው ላይ በቴስተር ለካሁት። የአፈሩ ሴንሰር 5.1 ሚሊአምፒር ይበላል። ሃያ አራት ሰዓት። ሽቦው በቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የተበየደው፤ እኔው ነኝ የበየድኩት።

አሁን በመሃል ትራንዚስተር ገባበት። ኖዱ ሲለካ ብቻ ያበራዋል፣ 200 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፣ ያነባል፣ ያጠፋዋል።

ሶስና፣ ፋይሉን ከፈትኩት። ራዲዮውን የሚዘጋ ተግባር አለ፤ ግን በራሱ የሚጠራው የለም። ሁለት ወር ሙሉ መልሱ ላፕቶፔ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ኢነርጀስትም ያንኑ ይላል፤ በ60 ሰከንድ ውስጥ ራዲዮው 60 ሰከንድ ክፍት።

ቲኤስሲኤች ካደረግኩት በኋላ የመጀመሪያው ቀን አማካይ 2.4% ነው። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። የላክኋቸውን ፓኬቶች የምትቆጥር ተለዋዋጭ አለችኝ። አንዳንዴ ወደ ዜሮ ትመለሳለች፣ አንዳንዴ የማይመስል ቁጥር ታወጣለች። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም።


ሄለን_ኢንጂነር · ኅዳር 12፣ ማታ 2፡30

ናቲ፣ ቆጣሪዋን ፕሮሰሱ ውስጥ ነው ያወጅካት አይደል? «ስታቲክ» የሚለውን ቃል ከፊቷ ጨምርና ሞክር።

የኮንቲኪ ፕሮሰስ እንደ ሌላው ትሬድ የራሱ ስታክ (ተለዋዋጮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ) የለውም። ፕሮቶትሬድ ይሉታል፤ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ራም 2 ባይት ነው። እሷም የያዘችው የት መስመር ላይ እንደቆመ ብቻ ነው። ፕሮሰሱ ቆሞ አንድ ነገር ሲጠብቅ በእርግጥ ከተግባሩ ወጥቷል። ሲመለስ ወደቆመበት መስመር ይዘላል፤ ተራ ተለዋዋጮች ግን ያን ጊዜ የሉም። ስታቲክ ያደረግካቸው ብቻ ይተርፋሉ። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ። በዚሁ ምክንያት ከሚጠብቅ መስመር ዙሪያ የሲ ቋንቋውን «ስዊች» አታስገባ፤ ፕሮቶትሬድ ራሱ ከውስጥ በስዊች ነው የተሠራው።

ሌላው፣ የባትሪውን ቮልት ከእርጥበቱ ጋር አብረህ ላክ። የአፈሩ ሴንሰር ንባብ ከሚያገኘው ቮልት ጋር ይንሸራተታል። ድንጋዩ ሲደክም ሴንሰሩ ስለ አፈሩ ይዋሻል። አጎትህም ያንን አምነው ሞተር ያስነሳሉ፣ ወይም ማስነሳት ሲገባቸው ይተዋሉ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ስህተት የለም።


ናቲ_መቂ · ኅዳር 12፣ ማታ 3፡10

ስታቲክ! ሠራ። ሄሉ፣ አመሰግናለሁ። ቮልቱንም ጨምሬዋለሁ። የራዲዮውን የድምር ጊዜም አብሬ መላክ ጀምሬያለሁ፤ ማሳው ላይ ላፕቶፕ ይዤ መቆም ሰለቸኝ።

ሌላ ጥያቄ። የአጎቴ ጎረቤቶች «ለኛም ሥራልን፣ እንከፍላለን» እያሉ ነው። ክፍት ሶፍትዌር ላይ የተሠራን ነገር መሸጥ ይቻላል?


ዮናስ_ቢ · ኅዳር 12፣ ማታ 3፡40

ይቻላል። ኮንቲኪ-ኤንጂ በሦስት አንቀጽ ቢኤስዲ ፈቃድ ነው። ሸጠህ፣ ቀይረህ፣ ኮድህንም ሳትገልጥ መሥራት ትችላለህ። የቅጂ መብት ማስታወቂያውን አታጥፋ፣ ስማቸውን ለማስታወቂያ አትጠቀም። ሪዮት ኤልጂፒኤል 2.1 ነው፤ ሪዮት ራሱ ውስጥ የቀየርከውን ነገር ለምትሸጥለት ሰው መግለጥ አለብህ። ዜፊር የሚባለው ሌላው ሲስተም አፓቼ 2.0 ነው።

ሌላው ሰው እንዳይሳሳት ልጨምር። ዜፊርን ከኦፕንትሬድ (ትሬድ ለሚባለው የኔትወርክ ፕሮቶኮል ክፍት ኮድ) ጋር መርጬ የእርሻ ሥራ ላይ ልተክለው ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። ትሬድ ውስጥ የሚተኙት ዳር ያሉት ኖዶች ብቻ ናቸው። መሃል ላይ የሚያቀብሉት ሁልጊዜ ነቅተው ይቆያሉ። ቤት ውስጥ፣ ሶኬት ባለበት ጥሩ ነው። ማሳ መሃል ግን ሁሉም አቀባይ ነው፣ ሁሉም በባትሪ ነው።


ናቲ_መቂ · ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 2፡15

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ደህና ነበር፤ ዛሬ ግን ግራ ገባኝ።

አብዛኛውን ቀን ሁሉም ኖዶች ከ2% እስከ 2.6% ላይ ናቸው። አንዳንድ ጠዋት ግን የድምሩ ቁጥር በአንዴ ይዘላል። ትናንት ሌሊት ብቻ 12ቱም ኖዶች ላይ 8 ሰዓት ገደማ የራዲዮ ጊዜ ተጨምሯል። ሁሉም ላይ እኩል። በዚያው ሌሊት ምንም መረጃ አልደረሰኝም። የኮድ ስህተት ቢሆን 12ቱ ላይ በአንድ ሌሊት እንዴት ይመጣል?


ሄለን_ኢንጂነር · ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 2፡50

መብራት ጠፍቶ ነበር?


ናቲ_መቂ · ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 3፡05

ጥበቃውን ደውዬ ጠየቅኩት። አዎ። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12።


ሄለን_ኢንጂነር · ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 4፡00

እንግዲያው አገኘሁት። እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ።

በቲኤስሲኤች የሁሉም ሰዓት የሚመነጨው ከሥሩ፣ ማለትም ጥበቃው ቤት ካለችው ሰሌዳ ነው። መብራት ሲጠፋ ራስቤሪዋ ትጠፋለች፣ ሥሩም አብሮ። ጎረቤቶቹ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ያጣሉ። የእያንዳንዱ ኖድ ክሪስታል (ሰዓቱን የሚያስኬደው) በጥቂቱ ይፈጥናል ወይ ይዘገያል። ለምሳሌ ሁለት ኖዶች በ40 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 40) ቢለያዩ በየሰከንዱ 40 ማይክሮሰከንድ ይራራቃሉ። የመጠበቂያው መስኮት በግራም በቀኝም 1.1 ሚሊሰከንድ ነው። በ27 ሰከንድ ውስጥ ካልተገናኙ ቀጠሮው ይፈርሳል። ስለዚህ ኖዱ ጥቂት ይሞክርና «ከኔትወርኩ ወጥቻለሁ» ይላል።

ከወጣ በኋላ ምን ያደርጋል? ይፈልጋል። ራዲዮውን ከፍቶ፣ ቻናል እየቀያየረ፣ የሚጠራው እስኪያገኝ ያዳምጣል። 20 ሚሊአምፒር። መብራት እስኪመጣ። 8 ሰዓት ማለት 160 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። እንዲህ ያሉ 15 ሌሊቶች አንድ ሙሉ ባትሪ ይጨርሳሉ።

ይሄ የማንም ስህተት አይደለም። መብራት በማይጠፋበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ቶሎ መገናኘት ነው የሚፈለገው፤ እረፍት ሳያደርጉ መፈለግ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን መብራት መጥፋቱ የዘወትር ነገር ነው፣ ሶፍትዌሩም ይሄን ማወቅ አለበት። እኔ በራሴ የኮንቲኪ-ኤንጂ ኮፒ ላይ ጥቂት መስመር ጨምሬ ነበር። 2 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ካጣ ለ20 ደቂቃ ራዲዮውን ዘግቶ ይተኛል፣ ከዚያ እንደገና። ማታ ላይ እለጥፈዋለሁ።


ታደሰ_ወ · ታኅሣሥ 3፣ ቀን 7፡30

ሄለን፣ ጥሩ ሥራ ነው። አንድ ነገር አስቢበት። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው ረድፍ ኖዶች እስከ 20 ደቂቃ ተኝተው ሊቆዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ረድፍ መግባት የሚችለው የመጀመሪያው ከገባ በኋላ ነው። አራተኛው ረድፍ ላይ ያለው ኖድ ዕድሉ ከከፋ 80 ደቂቃ ሊጠብቅ ነው። ለቲማቲም ምንም አይደለም። ለሌላ ሥራ ግን ሊከብድ ይችላል።

ናቲ፣ ከኮዱ በፊት ሥሩን አድን። 12 ቮልት ባትሪና አነስተኛ ሶላር ጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ ስቀል።


ሄለን_ኢንጂነር · ታኅሣሥ 3፣ ማታ 1፡45

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። 20ውን ደቂቃ ሰው ራሱ የሚቀይረው ቁጥር አድርጌዋለሁ። ምንም ያልነካ ሰው ደግሞ የድሮውን ባህሪ ነው የሚያገኘው።


ሶስና_ስቶክሆልም · ታኅሣሥ 3፣ ማታ 4፡20

ሄሉ፣ ይሄን እዚህ ለጥፈሽ እንዳትተዪው። ወደ ዋናው ፕሮጀክት ላኪው፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ እንዲገባ የሚጠይቅ ማመልከቻ) ክፈቺለት።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። እዚህ አብሬያቸው ከምሠራ ሰዎች መብራት ለ8 ሰዓት ሲጠፋ ያየ የለም። ይሄን ችግር ሊያስቡት ቢፈልጉም አይመጣላቸውም። የሚያውቀው መቂ ላይ ያለ ሰው ነው። ያንቺ ኮፒ ላይ ብቻ ከቀረ ደግሞ ስድስት ወር ቆይቶ ዋናው ኮድ ሲቀየር አይገጥምም። እንደገና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። እኔ ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል።


ሄለን_ኢንጂነር · ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት 3፡00

እውነቱን ልንገርሽ ሶስዬ፣ እፈራለሁ። በእንግሊዝኛ መከራከር ይከብደኛል። ሰው ሁሉ እያየ «ይሄ ስህተት ነው» ቢሉኝስ?


ሶስና_ስቶክሆልም · ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት 4፡10

ይሉሻል። ሁላችንንም ይሉናል። እኔ የመጀመሪያ ኮዴን በላክሁ ጊዜ ከ20 በላይ አስተያየት መጣብኝ፣ ግማሹ ስለ ክፍተትና ስለ ቅንፍ አቀማመጥ። አለቀስኩ። ከዚያ አንድ በአንድ አስተካከልኩ።

አጭር አድርጊው። አንድ ነገር ብቻ ይቀይር። ኩጃ (የኮንቲኪ ኔትወርክ ማስመሰያ) ላይ የሚሮጥ ሙከራ አብረሽ ጨምሪ፤ ሥሩን በመሃል የሚያጠፋና ኖዶቹ መተኛታቸውን የሚያሳይ። በእንግሊዝኛ ረጅም ክርክር አያስፈልግሽም፣ ሙከራው ይከራከርልሻል። የናቲን ማሳ ቁጥር ደግሞ ከመግለጫው ሥር አስቀምጪ። ጽሑፉን እኔ አብሬሽ አየዋለሁ። ዛሬ ማታ እደውልልሻለሁ።


ናቲ_መቂ · ታኅሣሥ 21፣ ማታ 2፡00

ቁጥሩን ይዤ መጣሁ።

ሶላሩ ተሰቅሏል፤ ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ሥሩ አይጠፋም። ለሙከራው ስንል ግን ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ሥሩን ሆን ብዬ ነቀልኩት፣ ንጋት 12 ላይ መለስኩት። ስድስት ኖዶች ላይ የሄለን ኮድ አለ፣ ስድስቱ እንደነበሩ ናቸው።

ያልተነኩት፦ ሁሉም 8 ሰዓት ገደማ ራዲዮ ክፍት። የሄለን ኮድ ያለባቸው፦ ከ43 እስከ 47 ደቂቃ። ወደ ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲቀየር 160 እና 15።

ለመመለስ የፈጀባቸው ደግሞ ቅርቡ ኖድ 6 ደቂቃ፣ ሩቁ 38 ደቂቃ። ጋሼ እንዳሉት ሩቁ ቆይቷል።

አንድ ኖድ ብቻ አስቸገረኝ፤ ኖድ 9። እሱ የቲማቲሙ ቅጠል ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ቅጠል ማለት ውሃ ነው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ውሃ አይወድም። አንቴናውን በቀርከሃ ከተክሉ በላይ አንድ ክንድ ከፍ ሳደርገው ተስተካከለ። ስተክለው ችግኙ ጉልበቴ አይደርስም ነበር። ማደጉን አላሰብኩትም።

አጎቴ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሞተሩን ሳያስነሳ ዋለ። «ኖድ 4 ገና እርጥብ ነው ይላል» ብሎ። በእጁ አፈሩን ቆፍሮ አየው፣ እውነትም እርጥብ ነበር።


ሄለን_ኢንጂነር · ታኅሣሥ 22፣ ጠዋት 3፡30

ናቲዬ፣ ይሄ ቁጥር ወርቅ ነው። መግለጫው ሥር አስገባሁት።

ፑል ሪኩዌስቱን አሁን ከፍቻለሁ። የኩጃው ሙከራ እኔ ጋ አልፏል። እስካሁን ግን በእውነተኛ ሰሌዳ የተሞከረው ሲሲ2538 ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቺፕ ላይ ሳይሞከር እንዲገባ አልፈልግም። ኤንአርኤፍ52840 ወይም ሲሲ2650 ያለው ሰው አለ?


ዮናስ_ቢ · ታኅሣሥ 22፣ ጠዋት 4፡05

ኤንአርኤፍ52840 ሦስት አሉኝ። ለሪዮት ነበር የገዛኋቸው። የኮድሽን ቅርንጫፍ ላኪልኝ፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነፃ ነኝ፣ እጭነዋለሁ።